«አራስ ስለሆነች ብርድ ገብቷት ነው»፦ የሴቶች ከባድ ኢንፌክሽን ለምን ዘግይቶ ይታወቃል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ታናሽ እህቴ በወለደች በ5ኛው ቀን ብርድ ብርድ ይላትና ትንቀጠቀጥ ጀመር። በአቅራቢያችን ወዳለ ጤና ተቋም ወሰድናት። ‹አራስ ስለሆነች ብርድ ገብቷት ነው፤ ጡቷ ወተት ሲሞላም ሊያተኩሳት ይችላል› ተብላ ፓራሲታሞል ተሰጥቷት ተመለሰች። በማግስቱ ንግግሯ ተዘበራረቀ። ሌላ ሆስፒታል ስንደርስ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቷል ተባልን፤ 9 ቀን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ተርፋለች። አንዲት ጓደኛዬ ‹ሴት ስለሆነች ነው ያልሰሟት፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ያዩት ነበር› አለችኝ። ይህ በጥናት የተደገፈ ነገር ነው ወይስ የተቆጣ ሰው ንግግር?»

እህትዎ በመትረፏ ከልብ ደስ ብሎኛል። ጓደኛዎ የተናገረችው ከእውነት የራቀ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በከባድ ኢንፌክሽን የተያዙ ሴቶች አስፈላጊውን ሕክምና ከወንዶች ዘግይተው እንደሚያገኙ ደጋግመው አሳይተዋል። ሆኖም ከጥናቶቹም ሆነ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በድንገተኛ ክፍል ካሳለፍኳቸው ዓመታት እንደተረዳሁት፣ ዋናው ምክንያት ሐኪሙ ሴትን ስለሚንቅ አይደለም። ለሴት ሕመም የሚሆን ማብራሪያ ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ ስለሚጠብቅና ልኬቱ ሳይወሰድ ማብራሪያው ስለሚቀድም ነው። «ብርድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው»፣ «ጭንቀት ነው»፣ «የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል ነው»፣ «አራስ ናት» የሚሉት ቃላት ከአፍ ሲወጡ ሁሉም ምክንያት ይመስላሉ፤ ከተባሉ በኋላ ደግሞ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው አይኖርም።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የደም መመረዝ የሚለው፣ በሕክምና ሴፕሲስ የምንለው ችግር፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱን የአካል ክፍሎች ማለትም ኩላሊትን፣ ሳንባን፣ አንጎልንና የደም ዝውውርን መጉዳት ሲጀምር የሚፈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ይህም በዚያ ዓመት ከተመዘገበው ሞት አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። በዚህ በሽታ ሰዓት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይቆጠራል። በ2006 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት የደም ግፊታቸው በወረደ የሴፕሲስ ሕመምተኞች ዘንድ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት በዘገየ ቁጥር የመትረፍ ዕድል በአማካይ በ7.6 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በኒውዮርክ ግዛት ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣው ሰፊ ጥናት ያገኘው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው። ስለዚህ «ዘግይታ አገኘች» ማለት ቀላል ቅሬታ አይደለም።

አሁን ወደ ጾታው ልምጣ። በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ከባድ ሴፕሲስ የያዛቸው ሴቶች የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ከወንዶች ዘግይተው እንዳገኙ አሳይቷል። በስዊድን ከመላ አገሪቱ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ ፅኑ ሕሙማን ክፍል እስከ መግባት የደረሱ የሴፕሲስ ሕመምተኞችን ተመልክቶ፣ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ያገኙት ሴቶች ድርሻ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ስዊድን በጾታ እኩልነት ስሟ የሚጠራ፣ ሕክምናዋም በሁሉም ዘንድ የሚደርስ አገር መሆኗን ሳስብ ይህ ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ ያሳስበኛል። በካናዳ ኦንታሪዮ በ2007 የታተመውና ሴፕሲስን ብቻ ያልተመለከተው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ ሴቶች በጠና ታመው ሳለ ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ወንዶች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን በያዛቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ሴቶች ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ከወንዶች ባነሰ መጠን መሆኑን ያሳያሉ። በቶንሲል መዘዝ የሚመጣው የልብ ሕመም በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን በሚያጠቃበት እንደኛ ባለ አገር ይህኛው ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ነው።

መረጃውን ሳቀርብ ሌላውን ጎን መደበቅ አይገባኝም። በሴፕሲስ በብዛት የሚያዙት ወንዶች ናቸው፤ በአሜሪካ ከ1979 እስከ 2000 ያለውን ጊዜ የሸፈነ ጥናት ወንዶች የመያዝ ዕድላቸው ከሴቶች 1.28 እጥፍ መሆኑን አስልቷል። በሞት ረገድም ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ሴቶች የበለጠ እንደሚሞቱ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ያነሰ እንደሚሞቱ የሚያሳዩ አሉ፣ ልዩነት ያላገኙም አሉ። በተጨማሪም ኢንፌክሽኑ የሚነሳበት ቦታ ይለያያል፤ በወንዶች ብዙ ጊዜ ከሳንባ፣ በሴቶች ደግሞ ከሽንት ቱቦና ከኩላሊት ይነሳል። የሳንባ ምች ያለበት ሰው ያስላል፣ ያቃስታል፣ ራጁም ላይ ይታያል፤ የኩላሊቱ ኢንፌክሽን ግን በወገብ ሕመምና በማቅለሽለሽ ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት በእርግጥ ይህ ነው። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካው ጥናት የኢንፌክሽኑን መነሻ ቦታ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ ካስተካከለ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። የቀረውን ልዩነት ለማብራራት አልጋው አጠገብ የሚሆነውን ማየት ግድ ይላል።

ይህን ስጽፍ የምትታወሰኝ አንዲት ሴት አለች። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ዕድሜዋ በ30ዎቹ መጨረሻ ያለ ሴት ባሏና ወንድሟ ደግፈዋት መጣች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ባሏ ነው። «ጨጓራዋ ነው፣ ሰሞኑን እናቷ ሞተውባት ብዙ አልቅሳለች» አለኝ። ካርዷ ላይ የትንፋሽ ብዛት 20 ተብሎ ተጽፏል፤ ከፊቷ የገቡት 5 ሰዎች ካርድ ላይም 20 ነበር። ኀዘኑን ሰማሁ፣ ጨጓራውን ሰማሁ፣ ያ በቂ መሰለኝና መርፌ አዝዤ ወደሚቀጥለው ተራመድኩ። ወደ ንጋት ግድም ነርሷ ጠራችኝ። ነጠላውን ገልጬ ደረቷን እያየሁ የእጅ ሰዓቴን ይዤ ስቆጥር ትንፋሿ በደቂቃ 34 ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ቀዝቅዟል፤ ከማታ ጀምሮ ሽንቷን አልሸናችም። የሐሞት ከረጢቷ መግል ይዞ ነበር። ከብዙ ድካም በኋላ ዳነች፤ እኔ ግን ያ ነጠላ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በዚያ ሌሊት ማንም ሴትን የናቀ አልነበረም። ታሪኳን ሌላ ሰው ተናገረላት፣ ገላዋን መጋረጃ በሌለበት ኮሪደር መግለጥ ነውር ሆነ፣ ቁጥሯን ማንም አልቆጠረም፤ ሦስቱ ተደማምረው 6 ሰዓት ወሰዱባት።

እነዚህ ሦስት ነገሮች በእኛ አገር ከሴት ጋር ተያይዘው የሚመጡ ናቸው። ወንድ ሲታመም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይናገራል፤ ሴት ስትታመም ባል፣ ወንድም ወይም አማት ይናገርላታል፣ የሚናገረውም የሚያውቀውን ብቻ ነው። ስለሚሸት ፈሳሽ፣ ስለ ጡት ማበጥ፣ ስለ ስፌት ቁስል ለወንድሟ ያልነገረችውን ወንድሟ ለሐኪሙ ሊነግር አይችልም። ሐኪሙ ደግሞ ያልተነገረውን ሊያገኘው የሚችለው በመመርመር ነው፤ መጋረጃ ከሌለ፣ አብራው የምትቆም ሴት ባለሙያ ከሌለች፣ ምርመራው «ለጊዜው ይቆይ» ይባላል። ውጭ አገር ለምትኖሩ አንባቢዎችም ይህ ይመለከታችኋል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ባል ወይም ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ቀላል ቢመስልም፣ ሕመምተኛዋ በእነሱ አፍ የማትናገረው ነገር ብዙ ነው።

መሣሪያዎቻችንም ቢሆኑ ከችግሩ ነጻ አይደሉም። በሴፕሲስ ጊዜ ኩላሊት መጎዳቱን የምንለካው በአብዛኛው በደም ውስጥ ባለው የክሬአቲኒን መጠን ነው፤ የጉዳቱ ክብደት የሚለካበት የነጥብ አሰጣጥ የሚጀምረው ለሁሉም ሰው እኩል በዴሲሊትር ከ1.2 ሚሊግራም ላይ ነው። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ነውና ጡንቻዋ አነስተኛ የሆነ ሴት መነሻዋ 0.5 ሊሆን ይችላል። ወደ 1.1 ሲያድግባት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ይወጣል። ውጤቱን የሚያነበው ባለሙያ ከቀድሞው ጋር ካላወዳደረ ጉዳቱን አያየውም።

የእህትዎ ጉዳይ ግን ከዚህም የተለየ ገጽታ አለው፤ ምክንያቱም አራስ ነበረች፣ ጓደኛዎ ያቀረበችውም ንጽጽር እዚህ ላይ አይሠራም። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሰውነት ተፈጥሯዊ ለውጥ ራሱ ሴፕሲስን ይመስላል። የነፍሰ ጡር ልብ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊቷ በመጠኑ ይወርዳል፣ ነጭ የደም ሴሏም ይበዛል፤ በምጥ ሰዓትማ እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህም ለሌላው ሰው የተሠራው መለኪያ ለነፍሰ ጡር ሲሆን ይስተካከላል፤ ለምሳሌ በአንድ ቀላል የመለያ ዘዴ የትንፋሽ ብዛት አደጋ የሚባለው ለሌላው ከ22 ጀምሮ ሲሆን ለነፍሰ ጡር ከ25 ጀምሮ ነው። ባለሙያ «ይህ የእርግዝና ነው» ብሎ ማሰቡ ስህተት አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ሐሳቡን ሳያረጋግጥ እዚያው ላይ ሲቆም ነው።

በዚህ ረገድ ዓለም በዝርዝር የሚያውቀው የሳቪታ ሃላፓናቫር ታሪክ ነው። የ31 ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ የ17 ሳምንት እርግዝናዋ ሊወርድ ሲል በኦክቶበር 21፣ 2012 በአየርላንድ ጎልዌይ ከተማ ሆስፒታል ገባች። የዚያኑ ቀን ደሟ ሲመረመር ነጭ የደም ሴሏ 16,900 ነበር፤ ውጤቱን በጊዜ የተከታተለ አልነበረም። የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ሙቀቷና የልብ ምቷ በየ4 ሰዓቱ መለካት ሲገባው ክፍተት ነበረው፤ የሁሉም ዓይን ያረፈው መምታቱን ባላቆመው የፅንሱ ልብ ላይ ነበር፣ የአገሪቱ ሕግም ፅንሱን ከማውጣት ያግድ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል በብርድ ስትንቀጠቀጥ ተገኘች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበርና ብርድ ልብስና ፓራሲታሞል ተሰጣት። ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ሙቀቷ 39.6፣ የልብ ምቷ 160 ደርሶ ነበር። በኦክቶበር 28 ሞተች። የአገሪቱ የጤና መረጃና ጥራት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው ሪፖርት 13 ያመለጡ ዕድሎችን ቆጥሯል። ሆስፒታሉ በሀብታም አገር ያለ፣ ላቦራቶሪም መድኃኒትም ያልጎደለው ነበር። መንቀጥቀጧ ግን ምክንያት ተገኝቶለት ነበር፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። እህትዎም «ብርድ ገብቷት ነው» ተብላለች፤ ፓራሲታሞሉም ያው ነው።

በእኛ አገር ይህን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እናት ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙ ኢትዮጵያውያን እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ወደ 34 በመቶ ከፍ ብሏል። የቀሩት እናቶች ትኩሳት ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚያገኙት ማብራሪያ ከቤት ነው፤ «ምች ነው፣ ጢስ ትግባ፣ ዳማከሴ ይታሽላት» ይባላል። አራስን የሚንከባከበውን ባህላችንን አከብራለሁ፤ ገንፎው፣ ሙቀቱና ዕረፍቱ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን ትኩሳት ሲመጣ በር ዘግቶ ማሞቅ በሽታውን ይደብቃል። ጤና ተቋም ስትደርስ ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው የደም ምርመራ ሊጠብቃት ይችላል። ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ በሐሰት ፖዘቲቭ የሚወጣ በመሆኑ፣ የማኅፀን ኢንፌክሽን ያላትን እናት የታይፎይድ ክኒን አስይዞ የሚሸኛት ሌላ ዝግጁ ማብራሪያ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከ2003 እስከ 2009 ያለውን መረጃ መርምረው ከእናቶች ሞት 10.7 በመቶው ከሴፕሲስ የመጣ መሆኑን ገምተዋል።

ጾታ የሚጎዳው ሴትን ብቻ እንዳይመስልዎ ስለ ቲቢም ልጨምር። በብዙ አገሮች ቤት ለቤት በተደረጉ የቲቢ ቅኝቶች ባክቴሪያው የተገኘባቸው ወንዶች ከሴቶች 2 እጥፍ ገደማ ናቸው፤ ሳይታወቅላቸው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚኖሩትም በብዛት ወንዶች ናቸው። ኤች አይ ቪ ላይም ሴቶች በእርግዝና ክትትል ሲመረመሩ ወንዶች የሚመረመሩበት መደበኛ በር የለም። ሆኖም ሴቷ ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ የሚያጋጥማት ሌላ ነው። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት ለዚህ ድንቅ ማስረጃ ነው። አክታ እንዲሰጡ ከተጠየቁ ሴቶች አንዳንዶቹ በማፈር ምራቅ ብቻ ስለሚሰጡ ሊሆን ይችላል በሚል ግምት፣ ለአንደኛው ቡድን ከደረት እንዴት ተስቦ እንደሚወጣ በአጭሩ ተነገራቸው። ቲቢ የተገኘባቸው ሴቶች ከ8 በመቶ ወደ 13 በመቶ ከፍ አሉ። አዲስ መሣሪያም አዲስ መድኃኒትም አልተጨመረም፤ አንድ ሰው ቆሞ አስረዳቸው እንጂ።

በዚህ ምክንያት ነው የሴት ሐኪም ቁጥር መጨመር ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብዬ የማላምነው፤ ምንም እንኳ በአሜሪካ አረጋውያን ላይ የተደረገ ሰፊ የ2017 ጥናት በሴት ሐኪሞች የታከሙ ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት መጠናቸው በጥቂቱ ያነሰ (11.07 በመቶ ከ11.49 በመቶ ጋር ሲነጻጸር) መሆኑን ቢያገኝም። የሚበልጠው መፍትሔ ልኬቱን ከማብራሪያው ማስቀደም ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማንኛዋም ሴት ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ይዛ ስትመጣ ስለ ምክንያቱ አንድ ቃል ሳይነገር ትንፋሿ ለሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠር፣ ግፊቷና ምቷ ይለካ፣ መቼ እንደሸናች ትጠየቅ፣ ለብቻዋም ትነጋገር። ማላዊ ውስጥ ለእናቶች ሴፕሲስ የተሞከረው ፋስት-ኤም የተባለው ዘዴ ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክ፣ የኢንፌክሽኑን ምንጭ ማስወገድ፣ ሪፈርና ክትትል የሚሉትን አምስት ሥራዎች በአንድ ላይ ያያዘ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ የማይቻል አንዳችም ነገር የለበትም።

ለእርስዎና ለመሰል ቤተሰቦች ደግሞ እነዚህን አደራ እላለሁ። አንዲት አራስ እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ የምታፈሰው ከሸተተ፣ የሆዷ ሕመም ከበረታ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ሽንቷ ካነሰ ወይም ንግግሯ ከተለወጠ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሰውነቷ ከመሞቅ ይልቅ ከቀዘቀዘም ያው አደጋ ነው። ለባለሙያው «አራስ ናት፣ በወለደች 5ኛ ቀኗ ነው፤ ሴፕሲስ ሊሆን ይችላል ወይ? ትንፋሿ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ እኔ ብጠየቅ አመሰግናለሁ። ሴፕሲስ ነው ተብሎ ከታመነ፣ ወይም ተጠርጥሮ ግፊቷ ከወረደ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት የ2021 ዓለም አቀፍ መመሪያ ይላል፤ ግፊቷ ካልወረደና ጥርጣሬው ገና ካልተረጋገጠ ደግሞ ፈጥኖ መርምሮ እስከ 3 ሰዓት ድረስ መወሰን ይቻላል። ግሉኮስ ተሰቅሎላት ተኝታለች ማለት ታክማለች ማለት እንዳልሆነም ይወቁ።

መጀመሪያ ያያትን ባለሙያ በተመለከተ፣ ካለሁበት ሆኜ ልፈርድበት አልችልም፤ ሙቀቷ፣ ምቷና ትንፋሿ ካርዷ ላይ ተጽፈው ከሆነና ያኔ ደህና ከነበሩ በዚያች ሰዓት ያደረገው ሊያስወቅሰው አይችልም፤ ካልተለኩ ግን አልተሰማችም ያለችው ጓደኛዎ ልክ ናት። ካርዱን የማየት መብት አላችሁና ጠይቁ። እህትዎ ከዚህ በኋላ ለወራት ድካም፣ የመርሳት ችግር፣ የፀጉር መነቃቀልና ቅዠት ሊያጋጥማት ይችላል፤ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ ብዙ ሰዎች ያልፉበታልና «ስንፍና ነው» ወይም «ጭንቀት ነው» እንዳትባል። የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት አስቀምጡላት፤ ዳግም ስታረግዝ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ለሐኪሟ እንድታሳየው።